ከጭፈራ ቀሚስ የወጣ የስለት ጃንጥላ

እናኑ ጋረደው ከቋራ ቆላ የመጣች፣ አጭር፣ ሳቋ ከአፏ ቀድሞ ከትከሻዋ የሚጀምር ሴት ነበረች። ሱዳን፣ ኡም ጋርጉር የስደተኞች መጠለያ ስንኖር የእርሷን ጎጆና የእኔን ጎጆ የሚለየው የማሽላ አገዳ አጥር ብቻ ስለነበር፣ እንዳንድ ቤት ሰው እንሰማማ ነበር። ኋላ ገዳሪፍ ገብታ የሙሽራ ልብስ ስትጠልፍ ስሟ በገበያው ታውቋል። እኔ የምጽፈው ግን ከዚያ በፊት፣ መርፌ በወጉ መያዝ እንኳ ሳትችል ስለጠለፈችው ጃንጥላ ነው። ከሰባ ሰባቱ ረሃብ የተረፈ ሰው ሁሉ ሲያወራ ጀግና ነው፤ አንዱ ከአንበሳ አምልጧል፣ ሌላው ሽፍታ አታሏል። እናኑ ስትጠየቅ፣ “እኔ እንኳ ጃንጥላ ነው የሠራሁት” ትል ነበር።

ነገሩ የጀመረው በስለት ነው። ሰማዩ ለሁለተኛ ዓመት ዝናብ ነስቶ ቀዬው ሁሉ ወደ ሱዳን ሲነቀል፣ ባሏ አስፋው መተማ አጠገብ በሕዝቡ ግፊያ ጠፋባት። ወደ ኋላ ተመልሳ ፈለገች፣ ወደ ፊት ሄዳ ጠበቀች፤ የለም። ያን ጊዜ አንድ ግራር ሥር ተንበርክካ፣ “ቅዱስ ሚካኤል ሆይ፣ አስፋውን በሕይወት ካገናኘኸኝ፣ በሚመጣው ጥምቀት ታቦትህ የሚወጣበት የሚያብረቀርቅ ጃንጥላ አገባልሃለሁ” ብላ ተሳለች።

እንዲህ ያለውን ስለት ባገራችን የሚሳለው ጥንድ በሬ ያለው፣ ጎተራው ያልጎደለ ሰው ነው። ሌላው ጧፍ ይሳላል፤ ቢበዛ ዕጣን። እናኑ በዚያ ሰዓት የነበራት አንድ የውሃ ቅልና እላይዋ ላይ ያለው ቀሚስ ነው። ኋላ ሰዎች ለምን ጧፍ እንዳልተሳለች ሲጠይቋት፣ ባሏ ባንድ ጧፍ የሚገኝ ሰው እንዳልመሰላት ነገረቻቸው።

አስፋው የተገኘው ኅዳር ላይ ነው። እኛ የምንጠብቀው አንድም መርዶውን ነበር፣ አንድም አጥንቱ የወጣ ሰው። እርሱ ግን ጉንጩ ሞልቶ፣ ከሾዋክ በመጣ ሎሪ ጭነት ላይ ተቀምጦ፣ ጥቁር ጃንጥላ ዘርግቶ መጣ። ለካስ ከገዳሪፍ ወዲያ ካሉት እርሻዎች በአንዱ የሰሊጥ አጨዳ ገብቶ ኖሯል፤ ሚስቱም ወደ አገር የተመለሰች መስሎት ኖሯል። የአጨዳውን ደመወዝ ምን እንዳደረገው ስትጠይቀው፣ ጃንጥላውን አጠፈና እንደገና ዘረጋላት።

በገዳሪፍ እህል ገበያ ትልልቆቹ ነጋዴዎች ጃንጥላ ይዘው ሲንጎራደዱ አይቶ ነው። በዚያ አገር ስደተኛ በሄደበት ይጠየቃል፤ ወረቀትህ፣ ከየት ነህ፣ ወዴት ነህ። “ጃንጥላ የያዘን ሰው ግን ‘ከየት ነህ’ የሚለው የለም” አለ አስፋው። እውነቱን ሳይሆን አልቀረም። በጃንጥላ ወደ ውሃ ወረፋ ሲሄድ የመጠለያው ዘበኞች ብድግ እያሉ “ኡስታዝ” ይሉት ጀመር። መምህር ማለታቸው ነው። አስፋው ፊደል አልቆጠረም።

እናኑ አልቅሳ አልቅሳ ስታበቃ ጃንጥላውን አየችና ትከሻዋ መሳቅ ጀመረ። ቅዱስ ሚካኤል ባሏን ሲልክላት የስለቱን ዕቃ በእጁ አስይዞ ነው የላከው። አስፋው ይህን አተረጓጎም አልወደደውም። መልአክ የሰው ጃንጥላ እንደማይመኝ፣ ደግሞም ስለቱ የሚያብረቀርቅ ጃንጥላ እንጂ ጥቁር ጃንጥላ እንዳልሆነ አጥብቆ ተከራከረ። በአጥሩ ወዲህ ሆኜ ስሰማ፣ ከባል ይልቅ ጠበቃ ያገባች ነበር የምትመስለው።

ክርክሩን የቆረጠው ወባ ነው። ታኅሣሥ ሲጋመስ አስፋውን ጣለው፤ ያ የሞላ ጉንጭ ባጭር ጊዜ ሟሸሸ። እትዬ በላይነሽ ልትጠይቀው መጣች። እትዬ በላይነሽ የሴቶቹ ማኅበር ሹም ነበረች፤ የማትጾመው ጾም፣ የማትመክረው ሰው አልነበረም። ግንባሩን ሳትነካ ጥግ የቆመውን ጃንጥላ ትኩር ብላ አየችና፣ ወባማ ሰበብ ነው አለች። “ስለቱ ያልገባለት መልአክ የሰጠውን መልሶ ይወስዳል።”

አስፋው ከብርድ ልብሱ ሥር ሰማ። ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ፣ “ጃንጥላውን ውሰጅው” አለ።

ከዚያ ወዲያ ትኩሳቱ ባገረሸ ቁጥር የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጥምቀት መች ነው። እናኑም ቀን የምትሠራው፣ ማታ የምታስበው ያንኑ ሆነ። ባሏን አንድ ጊዜ አጥታ አግኝታዋለች፤ ሁለተኛ ለማጣት አቅም የላትም።

የቀረው ማብረቅረቁ ነው። ጥቁሩን እንዳለ ተቀበሉኝ ብላ የሣር ቤተ ክርስቲያናችንን አለቃ መምሬ ካሣን ብትለምናቸው፣ አፍሽ የተናገረውን እጅሽ ይሥራው አሏት። የሚሰፈርልን ማሽላ፣ ዘይትና የዱቄት ወተት ነው። ከዚህ ሁሉ የሚያብረቀርቀው የዘይቱ ቆርቆሮ ነበርና፣ እናኑ ቆርቆሮውን በመስቀል ቅርጽ ቆርጣ ልትለጥፍ አስባ ጣቷን ቆረጠች።

በዚያው ሰሞን ከባሕር ማዶ የተላከ የልብስ ቦንዳ ደረሰ። የላኩት ሰዎች ደጋግ ናቸው፤ ያለንበት አገር ምን እንደሚመስል ግን የነገራቸው አልነበረም። የኮሚቴያችን ሊቀ መንበር የበረዶ ካፖርት ደረሰው፤ ለማዕረጉ ሲል በዚያ ሐሩር ለብሶት ይዞር ጀመር። አንዲት ጎረቤታችን ሁለት የግራ እግር ጫማ አገኘች። ለእኔ የደረሰኝ ክራባት ነበር፤ ለባልዲዬ ደህና ገመድ ወጣው። እናኑ ለበሽተኛ ባሏ ብርድ ልብስ ብላ ተሰልፋ የተሰጣት የጭፈራ ቀሚስ ነው። እጅጌ የለው፣ ጀርባ የለው። ፊቱ ግን ከደረቱ እስከ ጉልበቱ በፈርጥና በዶቃ ተጠልፎ፣ ጅራቱን የነሰነሰ አንድ ትልቅ ወፍ ተሥሎበታል። ሴቶቹ ዓይናቸውን በእጃቸው ሸፈኑ፤ በጣቶቻቸው መሐል ግን በደንብ አዩት። መምሬ ካሣ ጣዎስ የሚባል ወፍ እንደሆነ ነገሩን። የተራበ ሕዝብ ነውና፣ ክርክሩ ወዲያው ሥጋው ከቆቅና ከጅግራ የትኛውን ይመስላል ወደሚለው ዞረ።

እናኑ ቀሚሱን ፀሐይ ላይ ገለጥ አድርጋ፣ የወፉ ጅራት በጎጆዋ ግድግዳ ላይ ብርሃን ሲረጭ አየች። ከዚያ እቅፍ አድርጋው በሩጫ ወደ ራሒማ ሄደች።

ራሒማ የመተማ ሰው ናት። ልጅነቷን ገዳሪፍ፣ አክስቷ ቤት፣ ለሱዳን ሙሽሮች ልብስ ስትጠልፍ ነው ያሳለፈችው፤ ያን ጊዜ በመጠለያው ገበያ ዳር ሻይ ትሸጥ ነበር። ቀሚሱን አገላብጣ አየችና መሐሉ የተበሳውን ስስ ክብ ፈርጥ በጥፍሯ ነካ አድርጋ፣ ትርትር ነው አለች፤ እነርሱ ዘንድ ስሙ እንዲያ ነው። ቀጥላም የእናኑን መርፌ ለማየት ጠየቀች። የጆንያ መስፊያ ነበር። ራሒማ ተቀብላ በአጥሩ ላይ አሻግራ ወረወረችው። በዚያ መርፌ ዶቃ መውጋት ግመል በመስኮት ማስገባት ነው አለችና፣ ፀጉር የመሰለ ቀጭን መርፌ ከሻሿ ጫፍ ነቅላ ሰጠቻት።

ቀሚሱን ተርትረው ትርትሩን ባንድ ሳህን፣ ዶቃውን በየቀለሙ በሌላ አደረጉ። ክሩን እንዳይቋጠር በጧፍ ሰም አሹት። ራሒማ በሳሙና ስባሪ ጥቁሩ ጨርቅ ላይ አበባ ሣለች፤ መስቀሉን ግን እናኑ ራሷ እንድትሥል ተወችላት። ጥልፉ ለማንም ጀማሪ የሚሆን ነው። መርፌዋ ከጨርቁ ሥር ብቅ ትልና በትርትሩ መሐል ባለችው ቀዳዳ ታልፋለች። አንዲት ዶቃ ትወጋለች። ከዚያ ዶቃዋን እላይ ትታ፣ በዚያው በትርትሩ ቀዳዳ ተመልሳ ትወርዳለች። ክሩ ሲጠብቅ ዶቃዋ በቀዳዳው ማለፍ አትችልም፤ እዚያው አናቱ ላይ ቁጭ ብላ ትርትሩን ትይዘዋለች።

“ትርትሩ ጌታ ይመስላል” አለች ራሒማ፤ “ጌትነቱን የያዘችለት ግን ይቺ ናት።”

እናኑ መጀመሪያ የሠራችው ሥራ አስፋውን ከአልጋው አስነሣው። ጃንጥላውን እንደታጠፈ ጭኗ ላይ አድርጋ ስትጠልፍ ውላ፣ ሊዘረጉት ቢሉ እምቢ አለ። ሁለቱን ገጽ አንድ ላይ ሰፍታዋለች። አስፋው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ቆመና፣ ልጁ እንደሞተበት ሰው፣ “ገደልሽው” አለ። ፈትታ እንደገና ጀመረች። ከዚያ በኋላ ጃንጥላው ተዘርግቶ ከጎጆው ማገር ላይ ተንጠለጠለና፣ እናኑ ከሥሩ ቁጭ ብላ፣ አንድ እጇን ከላይ አንድ እጇን ከታች አድርጋ ትጠልፍ ጀመር። መርፌዋ በጨርቁ ባለፈች ቁጥር አስፋው ዝናብ ያስገባል እያለ ያቃስታል። በዚያ ዓመት ዝናብ ያስገባል ተብሎ የሚነቀፍ ጃንጥላ አልነበረም።

የልደት በዓል ሲያልፍ ከግማሽ በላዩ አልቆ፣ በበር የምትገባው ፀሐይ ስትነካው ጎጆው ውስጥ ከዋክብት የተበተኑ ይመስል ነበር። የአስፋውም ትኩሳት ጋብ ብሎ ነበር። ያን ጊዜ ነው እትዬ በላይነሽ ልታደንቅ የመጣችው። ከአፏ ምስጋና ሊወጣ ሲል፣ ጣቷን ወደ አንዲት ቀይ ዶቃ ሰደደችና፣ እሳት እንደነካው ሰው መልሳ አማተበች።

“ይህ ጨሌ ነው” አለች።

ባገራችን ዶቃ ሁሉ ዶቃ አይደለም። ዛር ያለበት ሰው ለዛሩ ብሎ የሚያስረው ዶቃ አለ፤ ጨሌ ይባላል፤ እያንዳንዱም ዛር የራሱ ቀለም አለው ይላሉ። ሰውየው ንስሐ ሲገባ ቄስ ጨሌውን ተቀብሎ ወይ እሳት ወይ ወንዝ ውስጥ ይጥለዋል። እንግዲህ ይኸው ጨሌ በታቦት ላይ ሊዘረጋ ነው። ወሬው ከውሃው ወረፋ መጨረሻ እስከ መጀመሪያው የደረሰው አንድ እንስራ ሳይሞላ ነው። የተሰበረውን ወፍጮ ለማስጠገን እንኳ አንድ ላይ መቀመጥ ያቃተው ኮሚቴ፣ ለዶቃው ባንድ ቃል ተሰበሰበ። ሊቀ መንበሩ በካፖርቱ ውስጥ ላቡ እየተንቆረቆረ ስለ ሃይማኖት አደጋ ተናገረ። በመጨረሻ መምሬ ካሣ ፈረዱ፤ የዛሩ ተለይቶ ይውጣ፣ የቀረው ይግባ። ሁሉም ፍርዱን አደነቀ። የዛሩን የሚለየው ማን እንደሆነ ግን የጠየቀ አልነበረም፤ ለመለየት ማወቅ ያስፈልጋልና።

እናኑ አታውቅም። አባቷ የድሃ ደግ ነበር፤ “እኛ ቤት ከችግር በቀር የጋለበን የለም” ትላለች። ስለዚህ ደጇ ላይ ቁጭ ብላ የሚያውቅ ሰው እስኪመጣ ጠበቀች። ሰውም መጣ፤ አንድ በአንድ፣ ሌላው እንዳያየው እየጠበቀ።

መጀመሪያ የመጣችው ራሷ እትዬ በላይነሽ ነበረች፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ። እርሷ ፈጽሞ እንደማታውቅ፣ አያቷ ቤት አንዲት ሠራተኛ እንደነበረች፣ በበሩ ስታልፍ በጨረፍታ እንዳየች ተናገረች። ቀጥላ በጨረፍታ ያየችውን አወራች። ቀዩ የየትኛው ዛር እንደሆነ፣ ባንገት ይሁን በክንድ እንደሚታሰር፣ ባለቤቱ ምን ሽቶ እንደሚወድ፣ በየትኛው ቀን እንደሚቆጣ፣ ሲቆጣም ምን ታርዶለት እንደሚበርድ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ነገረቻት። እናኑ አመሰገነቻትና ቀዩን ለቀመች።

ሊቀ መንበሩ በሽተኛ ሊጠይቅ ነኝ ብሎ ገባ። ለአስፋው ጀርባውን ሰጥቶ ጃንጥላውን ሲመረምር ቆየና፣ በጥቁሯ ዶቃ ላይ ጣቱን አሳርፎ፣ “ይቺን አልወዳትም” አለ። እናኑ ለምን እንደማይወዳት ስትጠይቀው ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ወጣ። ጥቁሩ ወጣ።

አዋላጇ የሺመቤት ወደ ሰማያዊው ገና እጇን ስትሰድ ትከሻዋ ተንዘፈዘፈ፤ ከጉሮሮዋም የርሷ ያልሆነ ወፍራም ድምፅ ወጣ። ወዲያው ተግ አለችና ወባ እንደጀመራት ተናገረች። በዚያ ወራት ወባ ብዙ ነገር ይሸፍን ነበር። ሰማያዊው ወጣ።

መጨረሻ መምሬ ካሣ መጡ። ለአስፋው ጸለዩለት፣ ዳዊት ደገሙለት፤ ሲወጡ ዓይናቸውን ወደ ጣራው አድርገው፣ በመቋሚያቸው ጫፍ አረንጓዴውን ነካ ነካ አደረጉት። “ይቺም ብትወጣ አይከፋም፣ ልጄ” አሉ። አረንጓዴውም ወጣ።

በማግስቱ እናኑ ጃንጥላውን ከማገሩ አውርዳ ስታራግፈው፣ ትርትሩ እንደ ገለባ በነነ። ዶቃዋ ከላዩ ከተነሣች ምን ይያዘው። ከመሬቱ እስከ አስፋው ብርድ ልብስ ሁሉ ነገር አብረቀረቀ፤ ጃንጥላው ብቻ ጥቁር ሆኖ ቀረ። እዚህም እዚያም ክር ተንጠልጥሎበታል። ያን ዕለት የአስፋው ትኩሳት በእጥፍ መጣ። “ጥምቀት መች ነው?” አለ። ከፊቱ ላይ ትርትር እየለቀመች፣ ደርሷል አለችው።

ራሒማ ስትሰማ የሻይ ብርጭቆዋን እያጠበች ነበር። ቀና አላለችም። “የፈረንጅ ሴት ጨፍራበት የጣለችው ቀሚስ ነው፣ ያ ኡኽቲ፣ እኅቴ። ዛር ቢኖርበት እንኳ የፈረንጅ ዛር ነው፤ አማርኛ አይሰማም።” ቢሆንም ለክርስቲያኖቹ ታቦት እርሷ ቃል እንደማትሰጥ፣ ይህን ካመጡት ሰዎች ጋር መጨረስ የእናኑ ፋንታ እንደሆነ ነገረቻት።

ከከተራ በፊት ያለው እሑድ ነው። ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ከሣር ቤተ ክርስቲያኑ ፊት ተኮልኩሎ ሳለ፣ እናኑ ሰፌድ ይዛ መጣች። በሰፌዱ ላይ ዶቃዎቹ በየቀለማቸው አራት ቁልል ሆነው ተቀምጠዋል። እንዲህ ባለ ጉባኤ ሴት ቆማ አትናገርም፤ ድምፅዋም ከአጥር የሚያልፍ አልነበረም። እኔ ልትለምናቸው መስሎኝ ነበር። እርሷን ግን ያመጣት ሌላ ነገር ነው፤ ያገዛትን ሰው ልታመሰግን።

“አባቶቼ፣ እኔ የዛሩን ከደህናው መለየት የማልችል አላዋቂ ነኝ” አለች። “ደግ ሰዎች ደክመው ለዩልኝ። አሁን ትርትሩ የሚይዘው አጥቶ ተበተነ፤ ጥምቀት ደረሰ፤ ባሌ ተኝቷል። ስለዚህ የለዩልኝ ሰዎች እዚሁ በፊታችሁ ይማከሩና፣ ከነዚህ የትኛው ቢመለስ እንደማይጎዳ ይንገሩኝ። ቀዩን የለየችልኝ፣ እግዜር ይስጣትና፣ እትዬ በላይነሽ ናት።”

ዓይን ሁሉ ወደ በላይነሽ ዞረ። እትዬ በላይነሽ መሬት ብትከፈትላት ሳታመሰግን በገባች። “እኔ?” አለች። “እኔ ጨሌ ከየት አውቄ፣ አንቺ ልጅ?”

እናኑ ግራ ገባት። “እሚወደውን ሽቶ እንኳ ነግረሽኝ የለም፣ እትዬ?”

ከሴቶቹ መሐል አንዲት ሳቋ አምልጧት በነጠላዋ አፈነችው። በላይነሽ ቀዩን ዶቃ ባንድ እፍኝ ዘገነች፤ ዓይኗ አጠገብ አድርሳ፣ እንደ ሰሊጥ ነጋዴ አገላበጠችውና፣ ፀሐይ ላይ ሲያዩት ሌላ ነው፣ ይህ የልጅ መጫወቻ ነው አለች። ቀዩ ዳነ።

“ጥቁሩን ደግሞ” አለች እናኑ፤ ዞር ብላ ለማመስገን ሊቀ መንበሩን ፈለገችው።

“ጥቁሩ ምንም አይልም” አለ ሊቀ መንበሩ ስሙ ሳይነሣ። ኮሚቴው ነገሩን አጥንቶታል፤ ጥቁር ዶቃ በማንኛውም አገር የታወቀ ጌጥ ነው። የካፖርቱንም ቁልፍ እስከ ታች ፈታ። የሺመቤት ደግሞ እናኑ ገና ወደርሷ ፊቷን ሳትመልስ፣ ሰማያዊው የሰማይ ቀለም እንደሆነ፣ ሰማይን ማን ይነቅፋል እያለች ከኋላ ትናገር ጀመር። በዚህ ዓይነት ዶቃዎቹ ከሳሻቸው ሳይጠራ አንድ በአንድ ነጻ ወጡ። እንደዚያ ቀን ያለ ፈጣን ፍርድ በዚያ መጠለያ አላየሁም።

አረንጓዴው ቀረ። እናኑ ሰፌዱን ይዛ ወደ መምሬ ካሣ ቀና አለች፤ ከንፈሯን ለምስጋና ስትከፍት አየናት። መምሬ ካሣ መቋሚያቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ።

“አረንጓዴው የልምላሜ ምልክት ነው፣ ልጆቼ። አምላክ ላገራችን ልምላሜውን ያምጣልን።”

“አሜን” አልን ሁላችንም፤ ከልባችን ነበር። መምሬ ካሣም ቀጥለው፣ ጨሌነቱን የሚያውቅ ሰው ካልተገኘ ጨሌ አለ ሊባል አይችልም ብለው ፈረዱና፣ ለሁሉም ይበጃል ብለው ሰፌዱ ላይ ጸበል ረጩበት። ያን ሰሞን ከጸበሉ የተረፈውን ለቤታቸው የለመኑ ሴቶች ቁጥር ከወትሮው በዛ ያለ ነበር።

ከዚያ በኋላ የእናኑ ጎጆ ሰው መያዝ አቃተው። ከዶቃው ጋር ምንም ጉዳይ እንደሌለው ማሳየት የፈለገ ሁሉ ዶቃ ሊሰፋ መጣ። ጃንጥላው ከጎጆው ወጥቶ ደጅ በተጣለ ዳስ ላይ ተዘርግቶ ተሰቀለ፤ ለያንዳንዷ ሴት አንዳንድ ገጽ ደረሳት። እናኑ ራሷ ጀማሪ ሆና ሳለ መምህር ሆነች። ከሥር አውጪ፣ በትርትሩ አሳልፊ፣ ዶቃዋን ውጊ፣ በዚያው ተመለሽ፤ ክሩን አታክርሪው፣ ይቋጠራል። የበላይነሽ ገጽ ከመጠን በላይ ጠብቆ እንደ ሽማግሌ ግንባር ተጨማደደ፤ እርሷ ግን ከሁሉ ያማረው የእኔ ነው ትል ነበር። ደግሞ ኃጢአቷን በክብደት ልትክስ ይመስል ዶቃውን ደራርባ ደራርባ ሰፋችበት። ራሒማ ወደ ዳሱ አልገባችም፤ ሻይዋን በሰሐን እየላከች፣ ከሩቅ ሆና የተቆረጠ ክር ታያለች። ወንዶቹ ደግሞ መርፌ መያዝ ስለማይሆንላቸው፣ መሬት ላይ የወደቀ ትርትር ሲለቅሙ ዋሉ። ሊቀ መንበሩ በእንብርክኩ ሲሄድ ካፖርቱ ሥራውን አገኘ፤ ጉልበቱን ከድንጋይ ጠበቀለት።

አስፋውን በዚያ ሳምንት ትኩሳቱ ለቀቀው። ክሊኒኩ በመራራው ክኒን ነው አለ፣ እትዬ በላይነሽ በምክሬ ነው አለች፣ መምሬ ካሣ በዳዊቱ ነው አሉ። እርሱ ራሱ ለማን ምስጋና እንደሚያቀርብ ጨንቆት፣ ለሁሉም በተራ ያቀርብ ነበር። እናኑ ግን ጃንጥላው ከቤተ ክርስቲያን እስኪገባ ድረስ አላመነችውም። ወደ ውጭ ሲወጣ ትከተለዋለች፤ ሲያስል ሥራዋን ጥላ ትነሣለች።

የከተራ ዕለት ጃንጥላው ለመምሬ ካሣ ተሰጠ። ከሰዓት በኋላ ታቦቱ ሲወጣ ዲያቆኑ ዘረጋው። ፀሐይዋ የገዳሪፍ ፀሐይ ናት፤ መቼም ለማንም ርኅራኄ የላት፤ ያን ቀን ግን ያላትን ሁሉ በጃንጥላው ላይ አፈሰሰች። አንዲት የትግሬ አሮጊት ዓይኗን በእጇ ጋርዳ እልል አለች፤ እልልታው እንደ እሳት ተያያዘ። ጃንጥላው በበላይነሽ ወገን ትንሽ አዘንብሏል፤ ዲያቆኑ ቀኑን ሙሉ ወደ አንድ ጎን ተወላግዶ ሄደ። ከጣዎሱ ጅራት የመጣው ሰማያዊና አረንጓዴ በጥቁሩ ላይ አበባ ሆኗል። ከታቦቱ ኋላ ከተከተልነው ውስጥ ያንን ቀሚስ ለብሳ የጨፈረችውን ሴት ያላሰበ የለም፤ የት አገር ትሆን ይሆን፣ ቀሚሷ እንዲህ ያለ ክብር ላይ መድረሱን ማን በነገራት።

ጉዟችን ወደ ሐፊሩ ነበር፤ የክረምት ውሃ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ነው፤ ከመጠለያው ክልል ወጣ ይላል። በሌላ ቀን ያለ ፈቃድ ማንም በዚያ በኩል አያልፍም። በኬላው ዘበኞቹ ከአልጋቸው ተነሥተው ቆሙ። አንዱ እጁን አንሥቶ ሊያስቆመን ሲል ጃንጥላው ፊቱ ላይ አብለጨለጨበት። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ገለል አለ፤ እኛም እየዘመርን አለፍን።

አስፋው ከስቶ፣ ነጠላ ተከናንቦ፣ ከዲያቆኑ ጎን ጎን ይሄድ ነበር። ለታቦት የሚገባውን ክብር ጠብቆ ራቅ ይልና፣ ፀሐይዋ ስትበረታበት አንገቱን ብቻ ቀስ አድርጎ ወደ ቀድሞ ንብረቱ ሥር ያስገባል። ኬላውን ስናልፍ ወደ እናኑ ዘወር አለ።

“አላልኩሽም? ጃንጥላ የያዘን ሰው ‘ከየት ነህ’ አይሉትም።”

እናኑ ትከሻዋ ከወራት በኋላ ሲስቅ አየሁት። እጁን ያዘችው፤ በሰው ፊት እንዲያ ስታደርግ አይቻት አላውቅም።

“ዝም ብለህ ሂድ” አለችው። “እንግዲህ የእኔ ነህ፤ ተከፍሎብሃል።”